አክብሮ መቅዘፍ

ይህን ታሪክ ማውራት ነውር መሆኑ የታወቀ ነው። ታላላቆች ባሉበት ስለ ታንኳ ማውራት ድፍረት ነው፤ ስለ ውርርድ ማውራት ኃጢአት ነው፤ ስለ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ማውራት ደግሞ ምን እንደሚባል ሊቃውንቱ ገና ስም አላወጡለትም። ስለዚህ አስቀድሞ ይቅርታ ይለመናል፤ ንጉሥ የሆነ ስለ ንጉሥነቱ፣ ቀዛፊ የሆነ ስለ ክንዱ፣ ዝም ብሎ የኖረም ስለ ዝምታው ይቅር ይበል። አገሩ የት እንደሆነ አይነገርም። ከዚህ በጣም ሩቅ ነው። ሩቅ ነው እየተባለ ዞር ብሎ ጎረቤቱን የሚያይ ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

በዚያ ሩቅ አገር መካከል ሰፊ ሐይቅ ነበር። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ በየዓመቱ ሁለት ታንኳዎች ይሽቀዳደሙበታል። አንደኛው የዙፋን ታንኳ ይባላል፤ የቤተ መንግሥቱ ነው። ሁለተኛው የዳር ታንኳ ይባላል፤ የተቀረው ሕዝብ ሁሉ ነው። ሕጉ አጭርና ግልጽ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ፣ ንጉሡም ሳይቀር፣ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይወራረዳል። «አልወራረድም» የሚባል ነገር የለም። የሚያሲዘውም ብር አይደለም፣ በሬም አይደለም፤ አፉን ነው። የተወራረደበት ታንኳ ከተሸነፈ ያ ሰው እስከሚመጣው እሽቅድምድም ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ በገበያም፣ በሸንጎም፣ በገዛ ቤቱም። ይህን የሚከታተሉ ሹማምንት ነበሩ። ማዕረጋቸው ጆሮ ጠቢ ይባላል፤ በአዋጅ የተሰጠ ማዕረግ ስለሆነ ማንም አያፍርበትም። ማስነጠስ ይፈቀዳል። ማዛጋትም ድምፅ ካልወጣው ይፈቀዳል። ስለ ማቃሰት ግን ጉባኤው ገና እየመከረበት ነበር።

ይህ ሁሉ ሕግ ተደንግጎ ሳለ፣ በዚያ አገር አንድም ሰው ዝም ሲል ታይቶ አይታወቅም። የዙፋን ታንኳ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሰውም ሁልጊዜ በእሱ ላይ ይወራረዳል። ከውጭ የመጡ እንግዶች «ወይ አገር! አንድ እንኳ አፉን የተያዘ የለም!» እያሉ ያደንቁ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ እንደልቡ ያወራል፤ የሚያወራውም ስለ ዙፋን ታንኳ ፍጥነት ነው።

በዚያ አገር ሊቀ ገማች ዳኘው የሚባል ሹም ነበር። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወራረዱትን ወጣቶች በሐይቁ ዳር ሰብስቦ፣ ታንኳ እንዴት እንደሚታይና እንዴት እንደሚገመት ማስተማር ነው። ጥሩ ቦርጭ፣ ጥሩ ጥላና ከሁሉም የበለጠ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ሲያስተምር ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች እንኳ መረባቸውን ትተው ያዳምጡታል። የሚበላውም የሚጠጣውም በዚያው ድምፅ ነው።

«የመጀመሪያው ነገር፣» አለ የዚያን ዓመት ተማሪዎቹን ሣሩ ላይ አስቀምጦ፣ «ቀዛፊ የሚሄድበትን አያይም። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ዓይኑ ያለው ባለፈው ላይ ነው። ወደፊት የሚያየው ከኋላ ጫፍ የተቀመጠው መሪ ብቻ ነው፤ መሪው ደግሞ አይቀዝፍም።»

«እንዴት ይተማመናሉ ታዲያ?» አለ አንዱ።

«ለምደውት ነው። ሁለተኛ፣ በጩኸት አትታለሉ። ነጋሪት ስለተመታበት ታንኳ አይፈጥንም። መቅዘፊያዎቹን እዩ። አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ የሚወጡ ከሆነ እሱ ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ መቅዘፍንም ፍጥነት አትበሉት፤ እንቁራሪትም ቶሎ ቶሎ ትዘላለች። መቅዘፊያው ሲወጣ ውኃው ላይ ሽክርክሪት ይቀራል። በአንዱ ሽክርክሪትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ስፋት ልኩ። ሰፊ ከሆነ ታንኳው በአንድ ምት ብዙ ይሄዳል ማለት ነው። ሲጀመር የቀደመውንም አትመኑት። ታንኳ የሚታወቀው መጀመሪያ ላይ ሳይሆን የቀዛፊው ሳንባ ሲቃጠል ነው።» ዓይኖቹ እያበሩ መጡ። እንዲህ ሲሆን ሥጋ ያማረው ጿሚ ይመስላል። «ደግሞ ከመሪው ፊት ለፊት የሚቀመጠውን እዩ። እሱ አስጀማሪ ይባላል። ከበስተጀርባው ያሉት ሁሉ የሚያዩት የእሱን ጀርባ ነው፤ እሱ ሲስብ ይስባሉ፤ እሱ ሲያርፍ ያርፋሉ። አስጀማሪው ካማረ ታንኳው ያምራል።»

ተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ካያችሁ፣ ከመረመራችሁ፣ ካመዛዘናችሁ በኋላ፣» አለ ዳኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በዙፋን ታንኳ ላይ ተወራረዱ።»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። ትከሻዋ ሰፊ፣ መዳፏ እንደ ቆዳ የጠነከረ ነው። ስመኝ ትባላለች፤ የዳር ታንኳ አስጀማሪ ነች። የዳኘው አንድያ ልጅም ነች።

«ጥያቄ አለኝ፣ የኔታ።»

«አባትሽ ነኝ።»

«እዚህ የኔታ ነዎት። የነገሩን ምልክት ሁሉ ያለው የዳር ታንኳ ላይ ነው። በዙፋን ታንኳ ላይ የምንወራረደው ታዲያ በየትኛው ምልክት ነው?»

«በውጤቱ።»

«ውጤቱስ ከምን ይመጣል?»

«ከውርርዱ፣» አለ ዳኘው፤ ወዲያውም ጥላውን አጥፎ ትምህርቱ አብቅቷል አለ።

ልጅቷ የጠየቀችውን ነገር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን ለሁለተኛ ሰው ነግሮት አያውቅም። በዙፋን ታንኳ ላይ የሚቀዝፉት መኳንንት ናቸው። መኳንንት ደግሞ መቅዘፊያቸውን አንድ ላይ ውኃ ውስጥ አይነክሩም፤ አንድ ላይ መንከር እኩልነት ነውና። መጀመሪያ ቢትወደዱ ይነክራሉ፤ ከዚያ ባለ ራስ ማዕረጉ፤ ከዚያ ደጃዝማቹ፤ ከዚያ ፊታውራሪው፤ እንዲህ እያለ እስከ ግራዝማቹ ይወርዳል። ግራዝማቹ ነክሮ እስኪያወጣ ቢትወደዱ አንድ እንቅልፍ ይተኛሉ። ድባብ፣ ነጋሪት፣ ትራስና የትራስ ጠባቂ በዚያ ላይ ተጭኗል።

በዚህ ታንኳ መሸነፍ ቀላል ሥራ አይደለም። ለዚህ ሲባል በዳር ታንኳ ዘንድ አንድ ጥበብ ተፈልስፎ ነበር፤ አክብሮ መቅዘፍ ይባላል። መቅዘፊያውን ውኃ እንዳይገፋ በቀጭኑ ጠርዝ አስገብቶ በዚያው ማውጣት፣ በየመካከሉ ጸሎት ማድረስ፣ ዳክዬ ስታልፍ ቆሞ ማሳለፍ፣ ይህን የመሰለ ነው። ብርቱ ክንድ ይጠይቃል፤ ቀስ ማለት ከመፍጠን ይልቅ ያደክማል። ቀዛፊዎቹ ይህን የሚያደርጉት ማንም አስገድዷቸው አይደለም። እነሱም ሰዎች ናቸው፤ አፍ አላቸው፤ ስለዚህ እነሱም በየዓመቱ የሚወራረዱት በዙፋን ታንኳ ላይ ነው። ውርርዳቸውን ለማዳን ተግተው ይሸነፋሉ።

ከሰዓት በኋላ ዳኘው ቤቱ ሲደርስ፣ ስመኝ ከእናቷ ከወይዘሮ አንጓች ጋር በደጃፉ ጥላ ተቀምጣ አገኛት። አንጓች የተበጠሰ መረብ በጣቷ እየዳሰሰች ትቋጥራለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ስመኝ ሕፃን ሳለች የነበራትን ፊት አንጓች ታስታውሳለች፤ ያደገችዋን ግን የምታውቃት በድምፅዋ ነው።

«ነገ ደንገል ነው የማስረው፣» አለች ስመኝ።

ወግ አለው። በዙፋን ታንኳ የሚወራረድ ክንዱ ላይ ነጭ ፈትል ያስራል፤ በዳር ታንኳ የሚወራረድ ደግሞ ውኃ ዳር የሚበቅለውን አረንጓዴ ደንገል። ደንገሉን ያሰረ ሰው ግን በዚያ አገር የለም።

ዳኘው ጥላውን ጣለው። «አብደሻል!»

«አላበድኩም፣ አባባ። አንድ ቀን ጭጋግ በወረደበት ጠዋት ስንለማመድ ስምንታችንም ሳናስበው አንድ ላይ ሳብን። አንዴ ብቻ ነው። ታንኳው ከሥራችን ብድግ አለ። እውነቴን ነው፤ ከውኃው ተነሣ። መሪያችን ጋሽ ቢያዝን ወዲያው «ነውር ነው! ነውር ነው!» ብለው አስቆሙን። ከዚያ ወዲህ ነጩን ፈትል ባሰብኩ ቁጥር ክንዴ እምቢ ይለኛል። በገዛ ክንዴ ሽንፈት ላይ አልወራረድም።»

«ስሚ፣» አለ ዳኘው፤ ከአባት ይልቅ ሊቀ ገማቹ በረታ። «አንቺ ብቻሽን ብትስቢ ታንኳው ይዞራል እንጂ አይሄድም። በአንድ ወገን መቅዘፊያ የሚሄድ ታንኳ የለም። ሰባቱ ያከብራሉ፤ አንቺ ትሽከረከሪያለሽ፤ ትሸነፊያለሽ። ዓመት ሙሉ ዝም ትያለሽ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንጓች፣ ንገሪያት እንጂ! ድምፅዋን ዓመት ሙሉ ላትሰሚ ነው። በቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንዳትሉኝ፤ ጆሮ ጠቢው ከግድግዳው ሥር አይጠፋም።»

ከግድግዳው ሥር ሳል ተሰማ። «እንደምን ዋላችሁ፣» አለ ጆሮ ጠቢው።

«እግዜር ይመስገን። ገብተህ አትቀመጥም?» አለች አንጓች።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አንጓች መረቡን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ስመኝ እጇን ይዛ ጠበቀች።

«ድምፅሽን ካጣሁ ፊትሽንም አጣሁ ማለት ነው፣» አለች አንጓች በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ ብትሆኚ እንኳ መኖርሽን በምን አውቃለሁ? ሂጂም አልልሽም፤ ተይም አልልሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓይኔ ይጥፋ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ያ የዙፋን ታንኳ ሲያልፍ እሰማዋለሁ። እያንዳንዱ መቅዘፊያ ለየብቻው ነው የሚንቦጫረቀው፤ ዳክዬ ገላዋን የምትታጠብ ነው የሚመስለው።»

«እሱን አልሰማሁም!» አለ ጆሮ ጠቢው ከውጭ ቶሎ ብሎ፤ ኮቴውም ራቅ ሲል ተሰማ።

በማግሥቱ ሕዝቡ በሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። ነጭ ፈትል የሚያስሩት ሹማምንት ብዙ ናቸው፤ ከፊታቸው የተሰለፈው ሰው እስከ ኮረብታው ይደርሳል። ንጉሡ ከሁሉ በፊት አስረው ሰገነታቸው ላይ ወጥተዋል። ከሰልፉ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባላምባራስ ጥላዬ ይባላሉ፤ የአረንጓዴ ደንገል ሹም ናቸው። በየዓመቱ ትኩስ ደንገል አሳጭደው ያቀርባሉ፤ በየዓመቱም ማታ ለፍየሎች ይሰጡታል። በእሳቸው በራሳቸው ክንድ ላይም ነጭ ፈትል አለ።

«ኑ፣ ግቡ! አረንጓዴም አለ!» ይላሉ እንደ ደንቡ፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አያያቸውም።

ስመኝ ፊታቸው መጥታ ክንዷን ስትዘረጋ ባላምባራሱ ብድግ አሉ፤ በርጩማው ተገለበጠ።

«ማሰር ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ፣ ባላምባራስ።»

«የኔ ልጅ... ይቅርታ አድርጊልኝ። ስሾም ቋጠሮውን ተምሬው ነበር። እስቲ ቆዪ። በዚህ ነው ወይስ በዚህ?» ስመኝ በጥርሷ አንዱን ጫፍ ይዛ አገዘቻቸው። ሲያበቁ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉና «ያምርብሻል፣» አሉ፤ ወዲያው ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

ሰልፉ ላይ ማንሾካሾክ ተነሣ። ዳኘው የሚስቱን ክንድ ይዞ ወደ ነጩ ይመራታል።

«ልጄ ያሰረችው የቱ ጋ ነው?» አለች አንጓች።

«በዚህ ነው፤ ነይ።»

አንጓች ፈትሉን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይኸ ጥጥ ነው። አታታልለኝ፣ አንተ ሰውዬ!» እጇን አስለቀቀች፤ የደንገሉን ሽታ ተከትላ፣ ሰዎች መንገድ እየለቀቁላት፣ ባላምባራሱ ዘንድ ደረሰች። በዚህኛው ጊዜ ቋጠሮው አልጠፋባቸውም።

ዳኘው በነጩና በአረንጓዴው መካከል ብቻውን ቆመ። ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲያስወራርድ የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አሰበ። ሦስታችንም ዝም ካልን፣ አለ በልቡ፣ አንጓችን «ደረጃ አለ፣ ቀስ በይ» የሚላት ማን ነው? «እሳቱ ከፊትሽ ነው» የሚላት ማን ነው? አንድ አፍ ይትረፍ። ሄዶ ነጩን አሰረ። ሲመለስ አንጓች ክንዱን ዳሰሰች።

«ነጩን ወሰድክ?»

«ከሦስታችን አንድ አፍ ይትረፍ ብዬ ነው።»

«ደግ አሰብክ፣» አለች። ከንፈሯ ጥግ ላይ ግን የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሐዘን ዳኘው አልለየውም።

እሽቅድምድሙ የሚነሣው ከጉማሬ ድንጋይ ነው፤ የሚያበቃው ከንጉሡ ሰገነት ሥር። የዙፋን ታንኳ በግራ፣ የዳር ታንኳ በቀኝ ተሰለፉ። አንድ ሌላ ሕግ እዚህ ላይ መነገር አለበት። የዙፋንን ታንኳ በመቅዘፊያ ጫፍ እንኳ የነካ ሰው በክህደት ይያዛል። ጥፋቱም በእሱ ብቻ ሳይሆን በአያቱም ላይ ይቆጠራል።

ነጋሪቱ ተመታ። ቢትወደዱ ነከሩ። ራሱ ነከሩ። ደጃዝማቹ ጠበቁ። የዳር ታንኳ ደግሞ እንደ ልማዱ በአክብሮት ጀመረ፤ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ የጫማውን ጠፍር ያጠብቃል።

ስመኝ ግን ሳበች።

መቅዘፊያዋ በቀኝ በኩል ነው። በሙሉ ትከሻዋ ስትስብ የታንኳው አፍንጫ ወደ ግራ፣ በቀጥታ ወደ ዙፋኑ ታንኳ ዞረ። የሚያየው መሪው ጋሽ ቢያዝን ብቻ ነው። ሽማግሌው ጮኹ፤

«ኧረ ስመኝ! ወደ ዙፋኑ እየዞርን ነው! ኧረ በአያቶቻችሁ! ግራዎች ሳቡ! ሳቡ!»

ከስመኝ ጀርባ የተቀመጠው እሱባለው ይባላል፤ መቅዘፊያው በግራ ነው። «ጋሽ ቢያዝን፣ እኔ ነጭ ነው ያሰርኩት!» አለ።

«አያትህ ምን አስረዋል? ሳብ ነው የምልህ!»

ግራዎቹ ክህደትን ፈርተው ሳቡ። ታንኳው ተቃና። ተቃንቶም አልቀረ፤ ወደ ቀኝ ዞረ።

«ጉማሬ!» አሉ ጋሽ ቢያዝን። «በቀኝ ጉማሬ አለ! ቀኞች ሳቡ!»

ቀኞቹ ጉማሬን ፈርተው ሳቡ። አሁን በግራ ክህደት ነው፣ በቀኝ ጉማሬ ነው፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋልና ማየት አይችሉም። የሚታያቸው ከፊታቸው ያለው ጀርባ ነው፤ የጀርባዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ደግሞ የስመኝ ጀርባ። እሷ ስታጎነብስ አጎነበሱ። እሷ ስትስብ ሳቡ።

ዳኘው ከዳር ሆኖ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። ሽክርክሪቶቹን አየ። እየተራራቁ ነው። መቅዘፊያዎቹ አንድ ላይ ገቡ፣ አንድ ላይ ወጡ፤ ስምንት መሆናቸው ቀርቶ አንድ ሆኑ። ያ ዕድሜ ልኩን ሲያስተምረው የኖረው፣ አይቶት የማያውቀው ነገር ውኃው ላይ እየመጣ ነው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ቀኝ አሻገረ። ውኃው ጥርት ያለ ነበር። ጉማሬ የለም። የጉማሬ ጆሮ የምታህል ነገር እንኳ የለችም። ወደ ጋሽ ቢያዝን ተመለከተ። ሽማግሌው ክንዳቸው ላይ ነጭ ፈትላቸውን አስረው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «ጉማሬ! ጉማሬ!» ይላሉ።

«አንድ ላይ!» ብሎ ጮኸ ዳኘው። ነጭ ማሰሩን ረስቶታል። «አንድ ላይ! አንድ ላይ!»

«ምንድን ነው? ምን አየህ?» አለች አንጓች እጀታውን ይዛ። «የሆነ ነገር ሰማሁ። አንድ ብቻ ነው የምሰማው። ሌሎቹ የት ሄዱ?»

የዳር ታንኳ በንጉሡ ሰገነት ሥር እንደ ቀስት አለፈ። በዚያን ጊዜ የዙፋን ታንኳ ላይ የፊታውራሪው ተራ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ጸጥታ ወረደ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ክንዱን አየ። ነጭ ነው። ጎረቤቱን አየ፤ እሱም ነጭ ነው። ንጉሡ ክንዳቸውን አዩ። ጆሮ ጠቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩና የሚከሱት ሰው አጡ።

አሸናፊውን የሚያውጀው አፈ ሐይቅ ምህረቴ የሚባለው ሹም ነው። መለከቱን አንሥቶ «የዙፋን ታ...» ሊል ነበር፤ ዓይኑ ውኃው ላይ አረፈና ተወው። ሕጉ አሸናፊ የሚሆነው የመናገር መብት ባለው አፍ ሲታወጅ ነው ይላል። «የዳር ታንኳ አሸነፈ» ካለ ደግሞ፣ እሱም ነጭ ስላሰረ ተሸንፏልና፣ አፉ ገና ቃሉን ሳይጨርስ የተከለከለ አፍ ይሆናል። ይህ ነገር በሕጉ አልታሰበም። አፈ ሐይቁ መለከቱን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ዳኘው?» አለች አንጓች።

ዳኘው አፉን ከፈተ። ከሰገነቱ ሥር ጆሮ ጠቢዎቹ አዩት።

«ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አላችሁ? ማን ቀደመ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ የሚሰማው የእሷ ብቻ ነው። «ልጄ የት አለች? ሰጠመች? ሰጥማ ነው ዝም ያላችሁት?»

ዳኘው እጇን ጨበጠ። አጥብቆ ጨበጠ፤ ግን እጅ ምን ይናገራል? ለሞትም ለደስታም እጅ የሚጨበጠው በአንድ ዓይነት ነው። ዳኘው ሕጉንም ሹመቱንም ተወው፤ ትንፋሹን ሳበ፣ ሊናገር ነው...

«እማዬ!»

ከውኃው ላይ ነው የመጣው።

«እማዬ፣ አለሁ! እኛ ነን የቀደምነው!»

አንጓች ወደ ድምፁ ዞረች። እግሯ እስኪርስ ድረስ ወደ ውኃው ገባች። «ደግመሽ በይው!» አለች።

«እኛ ነን የቀደምነው!»

እንዲህ ሆኖ ታወጀ። የታወጀውም መብት ባለው አፍ ስለሆነ ምንም ጉድለት አልተገኘበትም። አፈ ሐይቁ እፎይ ብሎ መለከቱን አወረደ። በታንኳው ውስጥ እሱባለውና ሌሎቹ አሸናፊዎች፣ ነጭ በማሰራቸው እነሱም ተሸንፈዋልና፣ እልል እንዳይሉ አፋቸውን ይዘው በመቅዘፊያ ውኃውን ይደበድቡ ጀመር። እስኪያማቸው ድረስ ያለ ድምፅ ሳቁ። መሳቅ መናገር ነው አይደለም የሚለውን ለመጠየቅ ያሰበ ጆሮ ጠቢ ነበር፤ መጠየቅ ግን አልቻለም።

ንጉሡ ሕግ አክባሪ ነበሩ። ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት የሆነው ሊታመን የማይችል ነው። አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን እየመታ ይመጣል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው ያያቸዋል፤ ያዩታል፤ ተበታትነው ይሄዳሉ። ዳኞች መናገር ስለማይችሉ መስማት ጀመሩ። ባለጉዳዮቹም ስለማይናገሩ ዳኛው ፊታቸውን ማየት ግድ ሆነበት፤ በዚህም ብዙ ሰው በእርቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዳኘው ቤት ግን አንጓች እየጠቆረች መጣች።

«አንቺን አገኘሁ፤ አገሩን አጣሁ፣» አለቻት ስመኝን። «ገበያ ስወጣ ማን አጠገቤ እንዳለ አላውቅም። ሰው ሁሉ ግድግዳ ሆነብኝ። የጎረቤቶቼ ጠብ ናፈቀኝ፤ አባትሽ እንኳ ናፈቀኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ! ከንቱ ወሬውን እንኳ ባወራልኝ።»

ዳኘው በጥላ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን አቀፈ።

ሸንጎው ሲቀመጥ ስመኝ ተነሣች። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ተናጋሪው ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚቃወም ሰው ካለ በድምፁ ይቃወማል፤ ከሌለ ሐሳቡ ሕግ ይሆናል።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው አፉን አያስይዝ፣» አለች። «መወራረድ የሚፈልግ በዶሮ ይወራረድ። የተያዘው አፍም ሁሉ አሁን ይለቀቅ። እናቴ ሰው ናፍቋታል። የሚቃወም ይናገር።»

መኳንንቱ ተያዩ። ቢትወደዱ ፊታቸው ቀላ፤ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ እጃቸውን አወራጩ፤ ጉሮሯቸው አበጠ። የመኳንንቱም ጉሮሮ እንደየማዕረጉ ተራ በተራ አበጠ። ድምፅ ግን የለም። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ከዚያ ከወደኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ፍየልሽ ጎመኔን በላችው፤ ሦስት ወር ሙሉ ልነግርሽ ስፈልግ ነበር!» አለች። ያችኛዋም «ያንቺ ጎመን አጥር አለው እንዴ!» አለች። አንዱ ንጉሡን ስለ መንገዱ ጠየቀ። ሌላው መንገዱ ምንም አልሆነም አለ። ሦስተኛው ሁለታችሁም አታውቁም አለ። አገሩ ተንጫጫ፤ አንዱ የሚለውን ሌላው አይለውም። አንጓች በመካከላቸው ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ሁሉ እንደ ዝናብ ትቀበላለች። «ይኸ እሱባለው ነው፤ ይቺ የጠጅ ቤቷ ባለቤት ነች፤ ይኸ ማነው? አሃ፣ ንጉሡ ናቸው!» ትላለች።

ከዚያ ባሏን ፈለገች። «ዳኘው! በል እንግዲህ፤ ይኸን ሁሉ ጊዜ የያዝከውን አውጣው። አዳምጥሃለሁ።»

ዳኘው ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ዝጎ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልወጣለትም። ሲወጣም ለአንጓች አልነበረም። ወደ ልጁ ዞሮ፣ ያን ቦርጩን በእጁ እያሳየ፣

«ስመኝ፣» አለ፣ «መቅዘፍ አልችልም። ታስተምሪኛለሽ?»

«ጀርባዎን መስጠት ይችላሉ፣ አባባ?»

«እሱን እችላለሁ፣» አለ ዳኘው።

ስመኝ ሳቀች፤ ክንዱን ይዛ ወደ ውኃው ወሰደችው።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ለማንም እንዳይደግመው አደራ ይባላል። ለሹም አይነገር፤ ሥራ ይበዛበታል። ለሚወራረድ ሰው ግን በጭራሽ አይነገር፤ ክንድ እንዳለው ትዝ ያለው እንደሆነ ሐይቁ ላይ የታንኳ መቀመጫ ይጠፋል።